ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚነሣው ሞተር

ወንድሜ ከጦር ግንባር ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ሆኖ ስለ መጣ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው። እናታችን ደጃፍ ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልሁ። የጎደለው ነገር የታየኝ በማግሥቱ ነው። ከቧንቧው ባልዲ ውኃ አንሥቶ በረንዳው ጋ ሳይደርስ ቁጭ አለና ባልዲውን እንደ ጠላት ያየው ጀመር። ጥይት በደረቱ ገብታ በጀርባው ወጥታለች። ሐኪሞቹ ሰፍተው አድነውታል፤ ሳንባው ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ወደ ግንባር ከመሄዱ በፊት ጎሚስታ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔን ያስተማረኝ ዓባይ ማዶ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የተበሳ የጎማ ካላማዳሬ እየለጠፈና ጎማ እየነፋ ነው። ባሕር ዳር ያኔም የብስክሌት ከተማ ነበረች። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የሁሉም ጎማ ይተነፍሳል። ወንድሜ የሚነፋው በእጅ ፓምፕ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ ሳይቀር በጉልበቱ ነፍቶ ሲያቆም አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ነበር። ሳቁ ከዓባይ ድልድይ ላይ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበታል። አሁን ያ ሰው ኩራዝ ለማጥፋት እንኳ ደጋግሞ እፍ የሚል ሆነ።

ቀበሌው የድሮ ቦታውን ሊመልስለት ተስማምቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ነገሩን አላለዘበውም። ከፋሲካ በፊት ሥራ ካልጀመረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሱም የኅብረት ሱቁ ዘበኛ ሆኖ በር ላይ ይቀመጣል። እናታችን በዘበኝነቱ ደስ ብሏት ነበር። እኔን ግን አስፈራኝ። ቀን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መተኛት ጀምሮ ነበርና፣ አንዴ እዚያ በር ላይ ካስቀመጡት መቼም የሚነሣ አልመሰለኝም።

እኔ በዚያን ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርሁ። የተቀጠርሁት በፈትል ክፍል ነው። ማሽኔ በቆመ ቁጥር መካኒክ መጠበቅ ስለሚያናድደኝ ራሴ መፍታት ጀመርሁ። አለቃዬ ቢቆጣ፣ ቢመክር፣ ቢያስፈራራ እንቢ ስላልሁት በመጨረሻ ታክቶት ወደ ጥገና ክፍል አዛወረኝ። ትዕግሥት የለኝም፤ ዛሬም የለኝም። እኔን ዝም የሚያሰኘኝ ነገር ቢኖር ቆሞ የነበረ ሞተር ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ሰው እሆናለሁ።

ኮምፕሬሰር እንግዛ ያልሁትም እኔ ነኝ። ኮምፕሬሰር ማለት፣ ላላየው ሰው፣ በሆዱ አየር የሚያጠራቅም የብረት በርሜል ነው። ከላዩ አየሩን እየጠቀጠቀ የሚያስገባ ፓምፕ አለ፤ ከፓምፑ ጎን ደግሞ ቺንጊያ በሚሉት የጎማ ቀበቶ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር። በርሜሉ ሲሞላ ሞተሩ በራሱ ይቆማል፤ አየሩ ሲቀንስ በራሱ ይነሣል። ሰው የሚጠበቅበት ቱቦውን ጎማው ላይ መሰካት ብቻ ነው። ወንድሜ ደረት ባይኖረው ብረቱ ደረት ይሆነዋል ብዬ አሰብሁ። በሐይቁ ዳር አንድ መሥሪያ ቤት የጣላቸውን ዕቃዎች በሐራጅ ሲሸጥ ከሸምበቆው አጠገብ ካለ ዳስ ውስጥ አገኘነው። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት ኖሮ ቀለሙ ተልጧል፤ የወፍ ኩስ ለብሷል። ወንድሜ በርሜሉን በመዳፉ ዳሰሰና ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አድንቆ፣ «ይኸንስ ደኅና አርገው ሠርተውታል» አለ።

በጋሪ ጭነን ወደ ቤታችን፣ ወደ ዓባይ ማዶ ስንሻገር የድልድዩ ጠባቂ ወታደር አስቆመን። ያኔ ድልድዩ ላይ መቆም አይፈቀድም፤ በርሜል ጭኖ ማለፍማ ከሁሉም ይብሳል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ወታደሩ።

«ኮምፕሬሰር ነው» አልሁት።

«ውስጡ ምን አለ?»

«አየር» አለ ወንድሜ።

ወታደሩ በሰደፉ በርሜሉን ቀስ አርጎ መታ። ብረቱ ረጅም ድምፅ አወጣ። «አየር ለመያዝ ይሄን የሚያህል ብረት?» አለና ሊስቅ ሲል የወንድሜን አተነፋፈስ ሰማ። ሽቅቡን በእግር መጥተን ስለ ነበር ደረቱ ያፏጭ ነበር። «የት ነው የቆሰልከው?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ የቦታውን ስም ሲነግረው ወታደሩ ከመንገዱ ዞር አለልን። የጋሪው ፈረስ እስኪሻገር ድረስ ሲያየን ነበር።

ጓሮአችን ውስጥ ድሮ በግ የምናስርባት ቆርቆሮ ክዳን ያላት ጎጆ አለች። አጥበን፣ መደርደሪያ ገጥመን ወርክሾፕ አልናት። ኮምፕሬሰሩን አስገብቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሼ ሶኬቱን ሰካሁት። ሞተሩ አንዴ ነዘር አለና ተነሣ። ቺንጊያው ሮጠ፤ ፓምፑ ቱክ ቱክ ማለት ጀመረ፤ የመለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ የጫማዬ ሶል ሁሉ ነዘረ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከጣና የሚወጣው ውኃ በድልድያችን ሥር ያልፍና ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል። እዚያ ወድቆ የሚያሽከረክረው ብረት ኃይሉን በሽቦ ወደ እኛ መልሶ ይልከዋል። እንግዲህ ጠዋት ድልድዩን ስሻገር ያየሁት ውኃ ቆየት ብሎ የእኛን ጓሮ ሞተር ሊያዞር ነው። ይኸን ለእናታችን ስነግራት፣ «ግዮን አይደለም እንዴ? ከገነት የመጣ ውኃ ሞተር ማዞር ያቅተዋል?» አለችኝ። እኔ በውኃው ተደንቄ፣ እሷ በእኔ መደነቅ ተደንቃ ቆምን።

በርሜሉ ሲሞላ ሞተሩ በራሱ ቆመ። ወንድሜ ቱቦውን አንሥቶ የእኔን ብስክሌት ጎማ ነፋ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ጎማው ድንጋይ ሆነ። ወንድሜ እጁን አየ፤ ጎማውን አየ፤ ትንፋሹ አልተቆረጠም። የጎረቤቱንም አምጥቶ ነፋ። በዚህ መሐል አየሩ ቀነሰና ሞተሩ እንደገና የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። አልተነሣም። «እምምም» ብሎ አቃሰተ፤ ቺንጊያው ንቅንቅ አላለም፤ ወዲያው ፊውዙ ተቃጠለ። የወንድሜን ፊት ላለማየት ጎንበስ ብዬ ሽቦ ነካካሁ።

በማግሥቱ ማለዳ እናታችን ከደብሩ ያመጣችውን ጠበል ይዛ ወደ ወርክሾፑ ገባች። በስመ አብ ብላ በርሜሉን፣ ፓምፑን፣ ሞተሩን ረጨች። «እማ! መብራት ያለበት ነገር ላይ ውኃ!» ብዬ ጮህሁ። «ጠበልና ውኃ አንድ ነው ያለሽ ማነው?» አለችና ጣሳዋን ይዛ ወጣች። በጨርቅ አደራርቄ፣ ፊውዙን ቀይሬ፣ እየተራገምሁ ማብሪያውን ተጫንሁት። ተነሣ! በርሜሉን እስከ አፉ ሞላው። እናታችን በር ላይ ሆና ጣሳዋን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ያ ከስድብ ይብስ ነበር።

አንዴ ከሞላ በኋላ ግን እንደ ትናንቱ ሆነ። ልናስነሣው ስንል «እምምም» አለ። «ዓይን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አፉን ከፍቶ አላየውም?» አለች እናታችን። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጠበል ትረጫለች፤ ሞተሩም ይነሣል። ረፋድ ላይ ይሞታል። ሳምንቱ በሙሉ እንዲህ አለፈ። እሷ እምነቷ በየቀኑ እየጠነከረ፣ እኔ ንዴቴ በየቀኑ እየባሰ ሄድን።

ያልፈታሁት ነገር የለም። መጀመሪያ ቺንጊያውን አውጥቼ ሞተሩን ብቻውን ሞከርሁት። እንደ ቅቤ ዞረ። ጭነት ሲኖርበት ነው የሚደክመው ማለት ነው ብዬ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች አወጣሁ፤ የደረቀውን ግራሶ በላምባ አጥቤ አዲስ ቀባሁ። ለውጥ የለም። ሞተሩን ሲነሣ የሚገፋው ኮንደንሰር የሚባል ጣሳ መሳይ ነገር አለ። እሱን ከጥገና ክፍል ተፈቅዶልኝ ባመጣሁት ቀየርሁት። ለውጥ የለም። ሙቀት ይሆናል ብዬ ሞተሩን በሰፌድ ማራገብ ጀመርሁ። አስቡት፤ የፋብሪካ መካኒክ ነኝ ባይ ሞተር በሰፌድ ስታራግብ! በመዳፌ ስነካው እንደ እንስራ እስኪቀዘቅዝ አራገብሁት። አሁንም «እምምም»።

በመጨረሻ ለወንድሜ እውነት የመሰለኝን ነገርሁት። የውስጥ መዳቡ ተጎድቷል፤ ተፈትቶ እንደገና መጠቅለል አለበት፤ ይኸን የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ተሠርቶ እስኪመለስ ፋሲካ ያልፋል። ወንድሜ ሁሉንም ሰምቶ፣ «ደክመሻል፤ በይ ተኝ» አለኝ። እሱም ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን አለቀስሁ። ሞተሩን በእርግጫ መትቼው የእግሬ ጣት እንዳበጠም መናገር አለብኝ።

በዚያው ሰሞን ይፋግ ያሉ ዘመዶቻችን ሰው ሞቶባቸው እናታችን ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። እኔ የጠዋት ፈረቃ ነበርሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ወንድሜ አልጋው ላይ የለም። ወርክሾፕ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ መዳፉን ፓምፑ ላይ አድርጎ አገኘሁት።

«ጠዋት ተነሣ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ። እማ የለች፣ ጠበል የለ፣ ዝም ብዬ ማብሪያውን ተጫንሁት፤ ተነሣ።»

«ታዲያ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ነው።»

«አንች አቀዝቅዘሽው አይተሻል፤ አልተነሣም። እቱ፣ ቁጭ በይማ። የኔን ሕመም ታውቂዋለሽ?»

«አውቃለሁ» አልሁት።

«አታውቂም። ሰው ሁሉ አየር መሳብ የሚያቅተኝ ይመስለዋል። መሳቡስ ይሁን፤ ማውጣቱ ነው የሚገለኝ። ያስገባሁት ሳይወጣ ይቀርና ሌላ የማስገባበት ቦታ አጣለሁ። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ፣ አፌን አሞጥሙጬ፣ ቀስ እያልሁ እስኪወጣልኝ መጠበቅ ነው። ከወጣ በኋላ እነሣለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ይኸም ሲቆም ፓምፑ ውስጥ የቀረበት ትንፋሽ ያለ ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣለታል፤ ጠዋት ይነሣል። ቀን ላይ ግን ጊዜ አንሰጠውም።»

አየር ተጠቅጥቆበት የቆመ ፓምፕ ሞተሩን እንደሚይዘው አውቃለሁ። ለዚህ ብለው ነው ሞተሩ በቆመ ቁጥር የቀረውን አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ የሚሠሩለት። በሥዕል አይቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ መፍታትና መግጠም ዓይኔ ሞተሩ ላይ ተተክሎ ወደ ፓምፑ ዞር አላለም ነበር።

የብሎን መፍቻ ቺያቬ አንሥቼ ከፓምፑ ወደ በርሜሉ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ማሰሪያ በጥቂቱ አላላሁት። «ጭስስስ» ብሎ አየሩ ፊቴን መታኝ። የብረትና የአሮጌ ዘይት ሽታ ነበረው። እስኪያልቅ ጠበቅን። መልሼ አጠበቅሁትና ወንድሜ ማብሪያውን ተጫነ። ሞተሩ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ጠበል፣ ያለ ሰፌድ ተነሣ። ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሰው ሕመሙን ይዞ ከብረት ጋር እንዲህ ሊግባባ ይችላል ብሎ ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ቀዳዳውን ፈልጌ አገኘሁት። ከማብሪያው ሳጥን ሥር ያለች፣ ከሚስማር ውፍረት የማትበልጥ ቀዳዳ ናት። በጭቃ ተደፍናለች። የዘፈቀደ ጭቃ አይደለም፤ በእጅ የተለሰነ የሚመስል፣ ዳር ዳሩ የተስተካከለ ክዳን ነው። በሽቦ ፈነቀልሁትና ውስጡን ወረቀት ላይ አራገፍሁት። ተርብ ቤት ሠርታበታለች። የሐይቁን ዳር ጭቃ በአፏ እያመላለሰች፣ ክፍል በክፍል ከፋፍላ፣ ለልጆቿ ስንቅ የሚሆኑ ትንንሽ ሸረሪቶች ደርድራ፣ በላያቸው ዘግታ ሄዳለች። ሸረሪቶቹ ደርቀው እግራቸውን አጣጥፈው ነበር። አንዱ ክፍል ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅርፊት አገኘን። ወንድሜ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ጊዜ አየው።

«ይኸን ሁሉ ብረት ያስቆመችው እሷ ናት?» አለ።

እናደዳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ያን ሁሉ ቀን የበላብኝ ነገር አንዲት ተርብ መሆኗን ሳውቅ ግን ከመደነቅ በቀር ምንም አልመጣልኝም። እሷም ትንፋሽ ልትቆርጥ አልመጣችም፤ ልጆቿን ልታኖር ነው የመጣች። ያንን የሳሳ ቅርፊት ወንድሜ በጥፍሩ ጫፍ ይዞ ሳይሰብረው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

እናታችን ከይፋግ ስትመለስ ሁሉንም ዘርዝሬ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ። «እኔ ጠዋት ጠዋት ባላስነሣው ኖሮ ጠዋት እንደሚነሣ በምን ታውቁ ነበር?» አለችና ነጠላዋን ልታጥብ ሄደች።

ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ ሞተሩ በቆመ ቁጥር «ጭስስ» ብሎ ያስወጣል፤ ትንሽ ያርፋል፤ አየሩ ሲቀንስ ይነሣል። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ያን ድምፅ ሲሰማ እሱም አብሮት ይተነፍስ ነበር። ሳላውቀው እኔም አብሬያቸው መተንፈስ ጀመርሁ። ከቁጣዬ ሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ያ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ኮምፕሬሰሩን ወደ መንገዱ ዳር አወጣነው። መብራት ከኅብረት ሱቁ ሳብን። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየ፤ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ሄደ። ከገበያ የሚመለስ ባለ ብስክሌት ሁሉ ተሰለፈ። ወንድሜ ቱቦውን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተራመደ ይነፋል፤ ከሰዎቹ ጋር ይቀልዳል። እኔም ሥራ እንዳለኝ ሰው ቺንጊያውን እያየሁ አጠገቡ ቆሜአለሁ። እንዲያ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ቀትር ላይ ከድልድዩ በኩል አንድ የወታደር መኪና መጥቶ ፊታችን ቆመ። ወደ ሰሜን የሚሄድ ነው። ላዩ ላይ ፀጉራቸው ገና የተላጨ ልጆች እንደ ማገዶ ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዳንዶቹ ዩኒፎርማቸው ሰፍቷቸው እጅጌውን ጠቅልለዋል። ሾፌሩ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «የኋላው ተንፍሷል፤ ቶሎ በለው!» አለ።

ብስክሌቶቹ በርሜሉን አራቁተውታል። የመለኪያው ቀስት ታች ወርዷል። ሞተሩ መነሣት ያለበት አሁን ነው። ወንድሜ ቱቦውን እንደ ያዘ ቀና ብሎ ልጆቹን አየ። ያን ሁሉ ሳምንት እንዲነሣ የለመንሁትን ሞተር፣ በዚያች ቅጽበት፣ እባክህ አትነሣ አልሁት። ከልቤ ነው ያልሁት። ጎማው ተንፍሶ ይቅር፤ መኪናው እዚሁ ይዋል፤ ይደር።

ሞተሩ ነዘር እንኳ ሳይል ተነሣ።

ወንድሜ አልቸኮለም። የኋላውን ነፋ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ ፊተኛው ሄደ፤ ሌሎቹንም አንድ በአንድ በመዳፉ እየደባበሰ፣ በመዶሻ እየመታ፣ ጆሮውን እየጣለ ፈተሻቸው። ላይ ያሉት ልጆች ጎንበስ ብለው ያዩታል። ሾፌሩ፣ «በቃ፤ ይበቃል!» እያለ የመኪናውን ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ወንድሜ ከመኪናው ሥር ወጣና ትንፋሹ እስኪመለስለት በሩን ደገፍ አለ።

«መለዋወጫ ጎማውን አውርደው፤ ልንፋው» አለው።

«መለዋወጫው ምን ሆነ? ደኅና ነው።»

«አውርደው ወንድም። እሱ የመመለሻ ነው።»

ሾፌሩ አየው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ አወረደለት።